ስልክ፣ ቀብድ፣ አውራ ጣት፦ የውል ሕግ ለጀማሪ ተማሪ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ውል ሕግ ነው፤ ጊዜ ከተረፈን ወደ ንግድ ሕግ እንሻገራለን። የሕግ፣ የሒሳብ አያያዝና የሥራ አመራር ጀማሪ ተማሪዎች ደብተር ብትይዙ ጥሩ ነው፤ የአንቀጽ ቁጥር እየጠራሁ ነው የምሄደው። ሌሎቻችሁም ሬዲዮውን አትዝጉት። ቤት የሚከራይ፣ ዕቁብ የሚጥል፣ ለዘመዱ ልጅ ዋስ የሚሆን ሰው ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ ከዚህ ሕግ ጋር ጉዳይ አለው።

በምሳሌ እንጀምር። አንድ የአዲስ አበባ ጅምላ ነጋዴ ሰኞ ጠዋት መቂ ላለ የሽንኩርት ነጋዴ ደወለ እንበል።

«ወንድሜ፣ ስንት ኩንታል አለህ?»

«150 አለኝ። ኩንታሉን በ5,000 ብር። እስከ ረቡዕ ማታ ካሳወቅከኝ ያንተ ነው፤ ለሌላ አልሰጥም።»

«5,000 አልወስድም። በ4,700 ከሆነ ጫነው።»

«እስቲ ላስብበት።»

ስልኩ ተዘጋ። ማክሰኞ ገበያው ተወደደ። የአዲስ አበባው ሰው ተሯሩጦ ደወለና «እሺ፣ ባልከው በ5,000 ይሁን፤ መኪና ልኬያለሁ» አለ። የመቂው ነጋዴ ግን ሽንኩርቱን ሰኞ ማታውኑ ለአዳማ ሰው ሸጦታል። «ረቡዕ ሳይደርስ እንዴት ትሸጣለህ? ቃል ገብተህልኛል፤ ውል አለን!» ብሎ ገዥው ተቆጣ።

ውል አላቸው ወይ? አብዛኛው ሰው ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንዱ «ወረቀት ስለሌለ ውል የለም» ይላል። ሌላው «እስከ ረቡዕ ብሎ ቃል ስለገባ ውል አለ» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ወረቀት አለመኖሩ ምንም አይደለም፤ ሽንኩርት በስልክ መሸጥ ይቻላል። «እስከ ረቡዕ» የሚለው ቃልም ሻጩን የሚያስር ነበር፤ ቀን ተቆርጦለት የቀረበ ሐሳብ ቀኑ እስኪያልፍ ያስራል (ቁጥር 1690)። ነገር ግን ገዥው ራሱ «በ4,700» ባለ ጊዜ ማሰሪያውን ፈታው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1694 እንደሚለው ከቀረበው ሐሳብ ጋር ያልተስማማ መቀበል፣ የቀረበውን ሐሳብ እንደ መጣልና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል። ስለዚህ የ5,000 ብሩ ሐሳብ ሰኞ ጠዋት ሞቷል። ማክሰኞ የተደወለው ስልክ አዲስ ሐሳብ ነው፤ መቀበልም አለመቀበልም የመቂው ሰው ፈንታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስስ ልዩነት አለ። ገዥው «በ4,700 ጫነው» ከማለት ይልቅ «ትንሽ አትቀንስልኝም?» ብሎ ቢሆን ኖሮ ጥያቄ እንጂ አዲስ ሐሳብ አይሆንም ነበር፤ የመጀመሪያውም ሐሳብ እስከ ረቡዕ ይቆይ ነበር። ዳኛ እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚያገኘው ከተነገረው ቃል ነው። የስልክ ወሬ ደግሞ በኋላ ማስረጃ ሲያጣ ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ነጋዴ ስልኩን ዘግቶ ወዲያው «በተነጋገርነው መሠረት» ብሎ አጭር መልእክት የሚልከው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለእንዲህ ያለው መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል።

ስለ ሕጉ ራሱ ጥቂት ልበል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ስለ ውል በጠቅላላው የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 1675 ጀምሮ እስከ 2026 ይዘልቃል። ከመቂ ሽንኩርት ጀምሮ እስከ ግድብ ግንባታ ድረስ ሁሉም ውል መነሻው እዚያ ነው። መጽሐፉ ስድሳ ዓመት አልፎት እንኳ የውል ክፍሉ ብዙም አልተነካም። እንዲህ የቆየው ጥሩ ሆኖ ነው ወይስ ማንም ሳይነካው ቀርቶ ነው የሚለውን ለእናንተ ልተወው፤ እኔ ግን ጥሩ ሕግ ነው ባይ ነኝ። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ትርጉማቸውም ግልጽ ነው።

ቁጥር 1675 ውልን የሚገልጸው በሰዎች መካከል የሚደረግ፣ ንብረት ነክ ግዴታን የሚያቋቁም፣ የሚለውጥ ወይም የሚያስቀር ስምምነት አድርጎ ነው። ወረቀት የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። ቁጥር 1681 ደግሞ ስምምነት በቃል፣ በጽሑፍ፣ በተለመደ ምልክት ወይም በአድራጎት ሊገለጽ ይችላል ይላል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ሰው ከሹፌሩ ጋር አንዲት ቃል ሳይለዋወጥ ተዋውሏል፤ «ወራጅ አለ» የሚለው ውሉ ሊያልቅ ሲል ነው።

በቴሌግራም ቻናል የሚሸጡ ልብሶችን የምታዩ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ። ሻጩ ፎቶና ዋጋ ለጥፎ አንዷ «ይህን ወስጃለሁ» ብላ ብትጽፍ ሽያጩ ያኔ አልተፈጸመም። የዋጋ ዝርዝር መላክ ወይም ዕቃን ለሕዝብ ማሳየት በቁጥር 1687 መሠረት ሐሳብ ማቅረብ አይደለም። ሐሳቡን ያቀረበችው «ወስጃለሁ» ያለችው ናት፤ ሻጩ «እሺ» ሲል ነው ውል የሚሆነው። ዝም ቢልስ? ዝምታ በሕጋችን እሺታ አይደለም፤ ቁጥር 1682 ይህን ይላል። ከዚህ በፊት የሚዋዋሉና ግንኙነታቸው የቀጠለ ነጋዴዎች ዘንድ ግን ዝምታ እንደ መቀበል የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ለዓመታት በየሳምንቱ ዕቃ ሲያቀርብልህ የኖረ ደንበኛህ እንደ ልማዱ ትእዛዝህን ተቀብሎ ዝም ቢል አንድ ነገር ነው፤ ፈጽሞ የማታውቀው ሰው ዝም ቢል ሌላ።

ውል የሚጸናው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ቁጥር 1678ን አስምሩበት። ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸውና ጉድለት የሌለበት ፈቃድ የሰጡ መሆን አለባቸው። የተዋዋሉበት ጉዳይ በበቂ የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆን አለበት። ሕግ የተለየ ፎርም ካዘዘ ደግሞ ያ ፎርም መሟላት አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ፈጠን ብለን እናልፋለን፤ ብዙ ሰው ቤቱንና ገንዘቡን የሚያጣው በሦስተኛው ስለሆነ እሱ ላይ እንቆያለን።

ችሎታ ማለት በዋናነት ዕድሜ ነው፤ 18 ዓመት። ፈቃድን የሚያጎድሉት ደግሞ ስሕተት፣ ተንኮልና መገደድ ናቸው። ተንኮልን በተመለከተ ተማሪን ሁሌም የሚያስገርም ነገር አለ። ቁጥር 1704 የሚለው አታላይ ድርጊት መኖር አለበት ነው። እንዲሁ ውሸት መናገር ብቻ ውልን የሚያፈርሰው በተዋዋዮቹ መካከል ልዩ መተማመንና ታማኝነትን የሚጠይቅ ግንኙነት ሲኖር ነው። መርካቶ ውስጥ «ይህ ጫማ አሥር ዓመት ያገለግላል» ያለህን ነጋዴ በዚህ አንቀጽ ብቻ ልትረታው ያስቸግርሃል። ወንድምህ ወይም የንግድ ሸሪክህ ዋሽቶህ ቢሆን ግን ነገሩ ይለያል። ያረጀ መኪና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ወደ ኋላ መልሶ መሸጥ ደግሞ ከቃል ያለፈ ሥራ ነው፤ እሱ ተንኮል ነው። ፈቃዱ የጎደለበት ሰው ውሉ እንዲፈርስ የሚጠይቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ይርጋው ይዘጋበታል።

«ተጎድቻለሁ፤ ዋጋው አይገባም ነበር» ብቻ ማለትም አያዋጣም። ቁጥር 1710 ውል ለአንዱ ወገን እጅግ የሚጠቅም መሆኑ ብቻውን አያፈርሰውም ይላል። ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም ገሃድ የወጣ የንግድ አላዋቂነቱን ተጠቅመውበት እንደሆነ ነው ፍትሕ የምትገባው። ስለ ጉዳዩ ሕጋዊነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሌባ ዕቃ ለመሸጥ የተዋዋለ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ «አስፈጽሙልኝ» አይልም።

አሁን ወደ ፎርም እንምጣ። መሠረቱ ቁጥር 1719 ነው፤ ሕግ ካላዘዘ በቀር ለውል ፎርም አያስፈልገውም። ሕግ ባዘዘበት ቦታ ግን ጨካኝ ነው። ቁጥር 1720 እንደሚለው የታዘዘው ፎርም ካልተሟላ ውል የለም፤ ያለው ረቂቅ ብቻ ነው። ቁጥር 1723 ስለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚደረግ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» የምንለው መሥሪያ ቤት ይህን ሥራ ነው የሚሠራው።

በአገራችን ግን ቤት በሁለት መንገድ ሲሸጥ ኖሯል። አንደኛው ሻጭና ገዥ ውልና ማስረጃ ሄደው፣ መታወቂያቸውንና የባለቤትነት ማረጋገጫውን አቅርበው፣ ሠራተኛው ፊት ፈርመው ሲጨርሱ ነው። ሁለተኛው ደላላው ቤት ቁጭ ብለው፣ ሦስት ምስክር አስፈርመው፣ ተመራርቀውና ቡና ጠጥተው ሲለያዩ ነው። የሁለተኛው ዓይነት ሰዎች ክርክር ተደራርቦ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ደረሰ። በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448 ችሎቱ በ1999 ዓ.ም የሰጠው ውሳኔ እንዲህ ያለ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ሕጋዊ ውጤት የለውም የሚል ነበር። በ1997 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የሰበር ችሎትን የሕግ ትርጉም በሥር ፍርድ ቤቶች ሁሉ ላይ አስገዳጅ አድርጎት ስለነበር ውሳኔው ብዙ ቤት አንኳኳ። በኋላ የመጡ ውሳኔዎች ሻጩ ሽያጩን ሳይክድ ሲቀር ነገሩን አለዝበውታል። ይህ ግን ገዥውን በሻጩ ቅንነት ላይ ጥገኛ ያደርገዋል። ዋጋው የናረ ቤት በእጁ የያዘ ሻጭ ምን ያህል ቅን ሆኖ ይቆያል?

በዚህ ውሳኔ ላይ የሕግ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ምዝገባው ሦስተኛ ወገንን ለመጠበቅ እንጂ ሻጭና ገዥ እርስ በርስ ለመካካድ እንዲመቻቸው አልተጻፈም ይላሉ። ክርክሩ ይጥማል፤ እኔም ልቤ ወደዚያ ያደላል። የቁጥር 1723 ቃል ግን ግልጽ ነው፤ ደንበኛ ሲመጣባችሁ ልባችሁ ወዳደላበት ሳይሆን ውልና ማስረጃ ላኩት። እዚያ ሲሄድ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛውንም ይዞ ይሂድ። በ1992 ዓ.ም በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ባልና ሚስት ስምምነት አይሸጥም። ያልፈረመው ወገን ውሉን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል።

በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል የተዋዋዮቹ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያስፈልገዋል። ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱ መሆን አለባቸው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የገጠር አድማጮቻችን እንዲይዙልኝ የምፈልገው ቁጥር 1728ን ነው። ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በጣት አሻራው የፈረመው ውል፣ ሥልጣን ያለው አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር አያስረውም። የቀለሙን ፓድ አምጥተው «እማማ፣ እዚህ ጋ አውራ ጣትዎን ያድርጉልኝ» ሲሉ የሚታዩ ብልጣ ብልጦች አሉ። ወረቀቱን ያነበበላቸው የለም። እኚህ እናት በዚያ ወረቀት አይታሰሩም። ልጆቻቸው ግን ይህን ስለማያውቁ «አሻራሽን ሰጥተሻልና አለቀ» ብለው መሬት ያስረክባሉ።

ብድርንም አብረን እንይ። ቁጥር 2472 ከ500 ብር የበለጠ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። በ1952 ዓ.ም 500 ብር ከባድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው ምሳ በልቶበት መልስ አይተርፍም፤ አንቀጹ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ 80,000 ብር ለጓደኛህ አራት ምስክር ፊት ቆጥረህ ብትሰጥና ጓደኛህ ቢክድ ምስክሮችህ አያወጡህም። በቴሌብር ልከህለት ቢሆንስ? ገንዘብ መተላለፉን ታሳያለህ፤ «ስጦታ ነው»፣ «ያለብህን ዕዳ ነው የከፈልከኝ» ቢልህ ብድር መሆኑ ገና ይቀርሃል። አንዲት መስመር «80,000 ብር ተበድሬያለሁ» የምትል ፊርማ ይህን ሁሉ ታስቀራለች። ወለድ ደግሞ ካልተስማሙበት አይታሰብም፤ ተስማምተውም ቢሆን በግለሰቦች መካከል በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም። አራጣ አበዳሪዎች ይህን ቁጥር እንደማያውቁት ይመስላሉ።

ቤት ተከራይ ተማሪዎች ደግሞ በ2016 ዓ.ም የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ፈልጋችሁ አንብቡ። የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል።

ወደ ቀብድ እንለፍ። ቀብድ በልማዳችንም በሕጉም ያለ ነገር ስለሆነ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል። ቁጥር 1883 እንደሚለው ቀብድ መስጠት ውሉ መደረጉን ያስረዳል። ጉልበቱ ያለው ግን ቁጥር 1885 ላይ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ትቶ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ የተቀበለው ደግሞ እጥፉን መልሶ ሊያፈርስ ይችላል። ይህ ማለት ቀብድ ከውል የመውጫ ዋጋ ነው። አንድ ሰው መኪና በ2 ሚሊዮን ብር ገዝቶ 50,000 ብር ቀብድ ከሰጠ፣ ሁለቱም በ50,000 ብር ኪሳራ በሩን ከፍተው መውጣት ይችላሉ። መኪናው በሳምንቱ በ200,000 ብር ቢወደድ ሻጩ 100,000 ብር መልሶ ለሌላ ሸጦ ያተርፋል፤ ሕግም አይከለክለውም።

ስለዚህ ውሉ በእርግጥ እንዲጸና የሚፈልግ ገዥ አነስተኛ ቀብድ መስጠት የለበትም። ወይ ቀብዱን ያሳድገዋል፣ ወይ ወረቀቱ ላይ «የዋጋው ከፊል ክፍያ» ብሎ ያስጽፋል፤ ያኔ ማንም ገንዘብ ትቶ መውጣት አይችልም፣ ውሉን አልፈጽምም ያለ ወገንም ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል። ከፍርድ ቤት ክርክሮች ብዙዎቹ የሚነሡት ደረሰኙ ላይ «ቀብድ/ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ሁለቱም በአንድ መስመር ስለሚጻፍ ነው። ይህን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ደላላው ነው፤ ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል።

አንዱ ወገን ሳይፈጽም ሲቀር ሕጉ ሦስት መንገድ ይሰጣል፤ ውሉን በግድ ማስፈጸም፣ ማፍረስ፣ የጉዳት ኪሣራ መጠየቅ። ከሁሉ በፊት ግን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል (ቁጥር 1772)። «ስንት ጊዜ ደውዬለታለሁ» የሚለው ለዳኛው ብዙ አይነግረውም፤ ቀን ያለበት ደብዳቤ ይነግረዋል። ገንዘብ ሳይከፈል የዘገየ እንደሆነ ሕጉ በዓመት 9 በመቶ ወለድ ያስቆጥራል።

ተከሳሽ የሚያነሣው የተለመደ መከላከያ ደግሞ «ከዐቅም በላይ ነው» የሚል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ቅርብ ጊዜ የሆነ ነገር ስላለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር ዋጋ ቆርጠው፣ ዕቃ ከውጭ አምጥተው ሊያቀርቡ የተዋዋሉ አስመጪዎች ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ሕጉ ምን ይላቸዋል? ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ውሉን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። ቁጥር 1793 ጎርፍን፣ መሬት መንቀጥቀጥን፣ ጦርነትን፣ የመንግሥት ክልከላን በምሳሌነት ይጠራል። ቁጥር 1794 ግን የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድ፣ የባለዕዳውን ግዴታ የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትም ከዐቅም በላይ አይባልም ይላል። ቁጥር 1764ም ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድ እንኳ ውሉ ይጸናል ይላል፤ ቁጥር 1763 ደግሞ ዳኞች «ፍትሐዊ እናድርገው» ብለው ውሉን እንዳይለውጡ ይከለክላል። ከአስተዳደር መሥሪያ ቤት ጋር ለተደረገ ውል ሕጉ ጠባብ በር ትቷል፤ ለሁለት ነጋዴዎች ግን ያለው መውጫ ራሳቸው ተነጋግረው ማስተካከል ነው። ከባድ ሕግ ነው። ሆኖም መፍትሔውን አስቀድሞ አስቀምጧል፤ የምንዛሪ ለውጥ ሲመጣ ዋጋው በምን ሒሳብ እንደሚከለስ ውሉ ላይ መጻፍ ነው። ያልጻፉት ሒሳቡን ከኪሳቸው ከፈሉ።

ዋስትናን ሳንነካ አናልፍም። ከኮሌጅ ወጥታችሁ የገንዘብ ያዥነት፣ የመጋዘን ወይም የሽያጭ ሥራ ስታገኙ «ዋስ አምጡ» መባሉ አይቀርም። አጎት ወይም ጎረቤት ተለምኖ፣ የታተመ ፎርም ላይ ይፈርማል፤ «ሠራተኛው ለሚያጠፋው ንብረት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ይላል ፎርሙ። ስንት ብር ድረስ? አልተጻፈም። በቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መነገር አለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም ውሉ ላይ መጠቀስ አለበት፤ መጠኑ ያልተጻፈ ዋስትና አይጸናም። ይህ አንቀጽ ስንቱን ደሞዝተኛ ከቤቱ ከመፈናቀል ሊያድን ይችል ነበር! አሠሪዎችም ይህን ማወቅ አለባቸው፤ መደርደሪያ ሙሉ የዋስትና ፎርም ይዘው ችሎት ላይ ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ይችላሉና።

የቀረችንን ጥቂት ደቂቃ ለንግድ ሕግ እናውላት። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ረቂቅ በዣን ኤስካራ ተጀምሮ፣ እሳቸው ሲሞቱ በአልፍሬድ ዦፍሬ የተጠናቀቀ ነው። በ2013 ዓ.ም አዲስ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ወጣ። የድሮው ሙሉ በሙሉ ተሻረ ብላችሁ ፈተና ላይ እንዳትጽፉ፤ ስለ ማጓጓዝና ኢንሹራንስ፣ ስለሚተላለፉ ሰነዶችና ስለ ባንክ የሚናገሩት መጻሕፍት አሁንም የሚሠራባቸው ናቸው። ቼክም የሚመራው በዚያው በአሮጌው ነው።

የቼክ ነገር ነጋዴውን ብዙ ያስለቅሰዋል። ገበያው ውስጥ ዕቃ በዱቤ የወሰደ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ያለ ቀን ጽፎ ቼክ ይሰጣል፤ ሁለቱም እንደ ዋስትና ያዩታል። የንግድ ሕጉ ቁጥር 854 ግን ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ነው፣ ከዚህ የተለየ ነገር ቢጻፍበትም እንዳልተጻፈ ይቆጠራል ይላል። ዕቃ ሰጪው ነገ ጠዋት ባንክ ቢያቀርበው ባንኩ ይከፍላል፤ ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ ቼክ ሰጪው ስንቅ የሌለው ቼክ አውጥቷል። ይህ ደግሞ ዕዳ ብቻ አይደለም፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ነው። ቀን ለማስረዘም የሚፈልግ ነጋዴ የተስፋ ሰነድ የሚባል መሣሪያ አለለት፤ ማንም አይጠቀምበትም እንጂ።

ስለ ማኅበራት አንድ ነገር ብቻ ልበል። አዲሱ ሕግ ሰባት ዓይነት የንግድ ማኅበር ያውቃል፤ ከእነዚህ ውስጥ አዲስ የመጣውና ለወጣቱ የሚጠቅመው ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ድሮ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ስለሚያስፈልግ ሰው ሚስቱን ወይም የእህቱን ልጅ በአንድ ድርሻ የስም ሸሪክ ያደርግ ነበር። ጠብ ሲነሣ ያ የስም ሸሪክ እውነተኛ ሸሪክ ሆኖ ይቀርባል። አሁን ብቻህን ማቋቋም ትችላለህ። የማኅበሩን ገንዘብና የቤትህን ገንዘብ ከቀላቀልክ ግን በተወሰነ ኃላፊነት ልትከለል አትችልም።

ተማሪዎች፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ። አንድ ሰው ቤቱን በ6 ሚሊዮን ብር ሊሸጥ ደላላ ቢሮ ውስጥ፣ ሁለት ምስክር ባሉበት በጽሑፍ ተስማማና 300,000 ብር ቀብድ ተቀበለ። ውልና ማስረጃ አልሄዱም። በወሩ ሻጩ ሐሳቡን ለውጦ 300,000ውን ብቻ ሊመልስ ይፈልጋል፤ ገዥው ደግሞ «ቁጥር 1885ን አንብብ፤ 600,000 ነው የምትሰጠኝ» ይላል። ማን ይረታል? ቁጥር 1720ን፣ 1723ን፣ 1815ንና 1885ን አብራችሁ አንብቡ። መልሳችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ተከራከሩበት፤ አንዳችሁ የገዥውን፣ ሌላችሁ የሻጩን ወገን ያዙ።